አሜሪካ ውስጥ ሆናችሁ በጋብቻ ግሪን ካርድ ስታመለክቱ፦ ስምና ቀናችሁን ቀድማችሁ አስታርቁ

እኔንና ባለቤቴን ሲልቨር ስፕሪንግ ሶስት ቅዳሜ ሙሉ ኪችን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠን ፎርሙ አይደለም፣ የኔ ስም ነው። ካሳ የሚለው የአባቴ ስም ፓስፖርቴ ላይ በአንድ ኤስ፣ የልደት ሰርተፍኬቴ ትርጉም ላይ በሁለት ኤስ፣ የድሮ ቪዛዬ ላይ ደሞ አባቴ ሚድል ኔም ሆኖ አያቴ ላስት ኔም ሆኖ ቁጭ ብሏል። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ የፎርሙ ሳጥን አያውቅም። ስለዚህ ምንም ሳትሞሉ በፊት ያላችሁን ወረቀት ሁሉ አውጡና ስምና የልደት ቀን አንድ በአንድ አመሳክሩ፣ ዋናውን ፓስፖርቱን አርጉት፣ ሌላው ላይ ያለውን ልዩነት ፎርሙ ላይ "ሌላ የተጠቀምኩባቸው ስሞች" በሚለው ቦታ በሙሉ ጻፉት። አትደብቁት፣ ደብቃችሁት የኢሚግሬሽን መስሪያ ቤቱ ሰዎች ካገኙት ነው ጣጣው።

ይሄ መንገድ ለማን ነው? ባል ወይ ሚስታችሁ ሲቲዝን ከሆነና እናንተ በቪዛ ወይ በፓሮል፣ ማለት ኤርፖርት ወይ ድንበር ላይ ታይታችሁ ከገባችሁ፣ ከአገር ሳትወጡ እዚሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ቆይታችሁ ቢያልፍም፣ ያለ ፈቃድ ብትሰሩም የሲቲዝን ባል ወይ ሚስት ላይ ይሄ ብቻውን በሩን አይዘጋውም። በሜክሲኮ በኩል ማንም ሳያያችሁ ከገባችሁ ግን ሌላ ነገር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ሆናችሁ መጨረስ አትችሉም፣ እሱን ሎየር ሳታማክሩ አትንኩት። ጄ-1 (የልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ) ላይ የነበራችሁም የሁለት አመት አገር ቤት የመመለስ ግዴታ እንዳለባችሁ ቪዛውን አገላብጣችሁ እዩ። ባለቤታችሁ ግሪን ካርድ ብቻ ካለው ደሞ ወረፋ አለ፣ ቪዛ ቡለቲን (ወረፋው የት እንደደረሰ በየወሩ የሚወጣውን ማስታወቂያ) መከታተል አለባችሁ፣ ስታተሳችሁም (እዚህ የመቆየት ህጋዊ ፈቃዳችሁ) መቋረጥ የለበትም። እንደዛ ከሆነ ብዙ ሰው ባለቤቱ ሲቲዝን እስኪሆን ይጠብቃል።

ጋብቻው ካውንቲው (የአካባቢው መስተዳድር) የሚያውቀው መሆን አለበት። ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ ተጋብታችሁ ላይሰንስ (የጋብቻ ፈቃድ) ካልወጣለት እነሱ ዘንድ አልተጋባችሁም። ሜሪላንድ ላይሰንሱ ከተሰጠ በኋላ 48 ሰአት ይጠበቃል፣ ቨርጂኒያ መጠበቅ የለም። ከሰርጉ በኋላ የሚያስፈልጋችሁ ላይሰንሱ ሳይሆን ማህተም ያለው የጋብቻ ሰርተፍኬት ነው፣ ሁለት ሶስት ኮፒ ግዙ። ከናንተ አንዳችሁ በፊት አግብታችሁ ከነበረ የፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ያስፈልጋል፣ "ሽማግሌ ነው ያለያየን" አይሰራም፣ አገር ቤት ዘመድ ልካችሁ ቀድማችሁ አስወጡት ምክንያቱም ረጅሙን ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

የልደት ሰርተፍኬት ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቻችን ስንወለድ የተመዘገብን ሰዎች አይደለንም፣ ካደግን በኋላ ነው ያወጣነው፣ ስለዚህ ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት ሰነድ፣ ወይ ስትወለዱ የሚያውቅ ሰው ፈርሞ የሚሰጠው የምስክርነት ቃል ካላችሁ አዘጋጁ። ቀኑን ደሞ ራሳችሁ ቁጠሩት። እኔ መስከረም 5፣ 1985 ነው የተወለድኩት፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 15፣ 1992 ማለት ነው፣ የተረጎመልኝ ሰውዬ ግን ዝም ብሎ ስምንት ደምሮ 1993 አረገኝ። ከመስከረም እስከ ታህሳስ መጨረሻው አካባቢ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው፣ ከዛ በኋላ ነው ስምንት የሚሆነው። እኔም ሳላየው ላኩት፣ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ የሚል ደብዳቤ መጣብን፣ ለአንዲት ቁጥር ስንት ሳምንት ሄደ። ትርጉሙን ኖታሪ ማስደረግ ግዴታ አይደለም፣ ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ሙሉና ትክክል እንደሆነ ጽፎ፣ ስሙን አድራሻውን ቀኑን አስቀምጦ መፈረም አለበት፣ በቃ።

ፎርሞቹ እነዚህ ናቸው። ሲቲዝኑ ዝምድናችሁን የሚያስመዘግበውን አይ-130 ይሞላል፣ እናንተ የሱን ተጨማሪ አይ-130ኤ፣ ዋናው የግሪን ካርዱ ማመልከቻ አይ-485፣ የስፖንሰሩ አይ-864፣ ወርክ ፐርሚት አይ-765፣ የጉዞ ፈቃድ አይ-131፣ የህክምናው አይ-693። ሁሉንም በአንድ ፓኬጅ መላክ ይቻላል። ከ2024 ኤፕሪል ጀምሮ ባለው ዋጋ በወረቀት ከላካችሁ አይ-130 675 ዶላር፣ አይ-485 1,440፣ ወርክ ፐርሚት 260፣ ጉዞ 630፣ ሲደመር 3,005 ዶላር። ከመላካችሁ በፊት ዋጋውንም የፎርሙን ኤዲሽንም ዩኤስሲአይኤስ (የኢሚግሬሽን መስሪያ ቤቱ) ዌብሳይት ላይ እዩ፣ አሮጌ ኤዲሽን ከላካችሁ ሙሉ ፓኬጁ ነው የሚመለሰው። ደሞ ቼክና መኒ ኦርደር ከኦክቶበር 2025 መጨረሻ ጀምሮ ቆሟል፣ በክሬዲት ካርድ ወይ ከባንክ አካውንት በቀጥታ ነው የሚከፈለው፣ ለሱም የራሱ ፎርም አለው።

ስፖንሰርነት እኛ ዋስ እንደምንለው ነው፣ እንደውም ይብሳል፣ ቢፋቱ እንኳን አይወርድም፣ ያመለከተው ሰው ዜጋ እስኪሆን ወይ 40 ሩብ አመት የስራ ክሬዲት እስኪሞላ ድረስ ይቆያል። ገቢው ከድህነት መስመሩ 125 ፐርሰንት መድረስ አለበት፣ በ2025 መስፈርት ለሁለት ሰው 26,437 ዶላር ነበር፣ በየአመቱ ይቀየራል። እዚህ ላይ ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ልብ በሉ፣ የሚታየው ኪሳችሁ የገባው ሳይሆን ታክስ ላይ ወጪ ተቀንሶ የቀረው ነው፣ ታክስ ላለመክፈል ማይሉን የነዳጁን ምኑን ሁሉ ቀንሳችሁ 14 ሺ ካሳያችሁ ስፖንሰርነቱ ላይ 14 ሺ ነው የሚታሰበው። ካልሞላ ሲቲዝን ወይ ግሪን ካርድ ያለው ሌላ ሰው ጆይንት ስፖንሰር ይሆናል፣ ስትለምኑት ግን ምን እንደሚፈርም በደንብ ንገሩት። ከተጋባችሁ በኋላ ደሞ ታክስ "ሲንግል" ብላችሁ እንዳትሞሉ፣ ስህተት ነው፣ ኦፊሰሩም ያየዋል።

ህክምናው ሲቪል ሰርጀን የሚባለው፣ ኢሚግሬሽን የፈቀደለት ሐኪም ዘንድ ብቻ ነው፣ የራሳችሁ ዶክተር አይሆንም። የደም ቲቢ ምርመራና ክትባት ነው ነገሩ፣ ዋጋው ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ደውላችሁ አወዳድሩ። በታሸገ ፖስታ ይሰጧችኋል፣ እንዳትከፍቱት፣ ከ2024 ዲሴምበር ወዲህ ከአይ-485 ጋር አብሮ መሄድ አለበት።

ትዳሩ እውነት መሆኑን ማሳየት ላይ የኛ ሰው ችግሩ ሌላ ነው፣ ትዳሩ እውነት ሆኖ ወረቀት የለውም። ቤት ኪራዩ በሱ ስም፣ ባንኩ ለየብቻ፣ "ሰርጉ እስኪደርስ ሰው እንዳይሰማ" ተብሎ ፎቶ እንኳን ተደብቋል። ሊዙ ላይ ሁለታችሁም ግቡ፣ ጆይንት አካውንት ክፈቱና ኪራዩና አስቤዛው ከሱ ይውጣ (ሃምሳ ዶላር አስገብታችሁ የተዋችሁት አካውንት ምንም አያሳይም)፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ 401ኬ (የጡረታ ቁጠባ) ላይ ተጠቃሚ መሆን፣ ይሄ ሁሉ ይቆጠራል። ፎቶ ሁለት መቶ አትላኩ፣ ሽማግሌ የተላከ ቀን፣ መልሱ፣ ከአማቶች ጋር፣ በተለያየ ጊዜ የተነሳችሁት አስራ አምስት ሃያ ይበቃል፣ ከስሩ ቀንና ማን እንደሆነ ጻፉ።

ከላካችሁ በኋላ ሪሲት (ማመልከቻው መድረሱን የሚገልጽ ደብዳቤ) ይመጣል፣ ከዛ ለአሻራ ትጠራላችሁ፣ ከዛ ወርክ ፐርሚት፣ ከዛ ኢንተርቪው። አድራሻ ከቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ አሳውቁ። የጉዞ ፈቃዱ እጃችሁ ሳይገባ ግን ከአገር አትውጡ፣ ከወጣችሁ ማመልከቻውን እንደተዋችሁት ነው የሚቆጠረው። ይሄ ለኛ ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ለቅሶ ይመጣል፣ እናት ታማ ይደወላል። ከዛ ሁሉ ደሞ አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቃችሁ ከነበረ ፈቃዱ ቢኖራችሁም ኢትዮጵያ መሄድ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል፣ ሎየር ሳትጠይቁ ቲኬት አትቁረጡ።

ኢንተርቪው የሜሪላንድ ሰው ባልቲሞር፣ የዲሲና የሰሜን ቨርጂኒያ ሰው ፌርፋክስ ነው የሚጠራው። እንዴት ተዋወቃችሁ፣ ኪራይ ማን ይከፍላል፣ ቤተሰቡን መቼ አገኘሽ፣ እንደዚህ ነው ጥያቄው፣ አንዳንዴ ለየብቻ ይጠይቃሉ። የማታውቁትን "አላስታውስም" በሉ፣ አትፍጠሩ። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ሰው የማይዘጋጅበት ግን የድሮው ፋይል ነው፣ ለቪዛ ስታመለክቱ፣ ለዲቪ ስትሞሉ፣ አሳይለም ላይ "ያገባ" ነው ያላችሁት "ያላገባ"? እዛ ያሉት ሰዎች ከፊታቸው አድርገው ነው የሚጠይቋችሁ፣ ስለዚህ የድሮ ፎርማችሁን ኮፒ ፈልጋችሁ አንብቡ። ስራ ስትቀጠሩ ሲቲዝን ነኝ ብላችሁ ፈርማችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ተይዛችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ወይ ኮርት ኬዝ ካላችሁ፣ ፎርም ሞሊ ዘንድ ሳይሆን ሎየር ዘንድ ሂዱ። ፎርም የሚሞላ ሰው የህግ ምክር የመስጠት ፈቃድ የለውም፣ ከኦገስት 2025 ወዲህ ደሞ ማመልከቻው ውድቅ ሲሆን ስታተስ የሌለውን ሰው ወደ ኢሚግሬሽን ኮርት ሊልኩት እንደሚችሉ በግልጽ አስቀምጠዋል። የውሸት ጋብቻማ አይነሳም፣ እስከ አምስት አመት እስርና 250 ሺ ዶላር ቅጣት አለው፣ ከዛ በኋላ እውነተኛ ባል ብታገቡም በሩ ዝግ ነው።

ሲፈቀድላችሁ ጋብቻችሁ ሁለት አመት ካልሞላው የሁለት አመት ካርድ ነው የሚመጣው። ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ-751 (የሁለት አመቱን ገደብ የሚያስነሳውን ፎርም) አብራችሁ ታስገባላችሁ፣ ቀኑን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አርጋችሁ ሙሉት። ፖስታው ሲመጣ ደሞ ከደስታው በፊት ስሙን ፊደል በፊደል እዩት፣ የነሱ ስህተት ከሆነ በአይ-90 (ካርድ የሚቀየርበት ፎርም) ያለ ክፍያ ያስተካክላሉ። የኔ ካሳ በአንድ ኤስ መጥቶልኛል።