አሮጌ ዶዘር ከውጭ ሆናችሁ ስትገዙ፦ ከማሽኑ በፊት የሚያይላችሁን ሰው እዩት

በቴሌግራም የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አዲስ ቢጫ ቀለም የተቀባ ዶዘር ፎቶ ይላክልኛል፣ ከሥሩ «ወንድሜ ይሄን እንዴት ታየዋለህ? ለእርሻ መሬታችን ነው» ይላል። አገር ቤት እያለሁ መንገድ ሥራ ላይ የከባድ ማሽን መካኒክ ስለነበርኩ ነው ሰው የሚጠይቀኝ። ከፎቶው ላይ ግን የማየው ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ መልሴን አንዴ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር። የምትፈልጉት መንገድ ማስገባትና አንድ የውሃ ኩሬ ማስቆፈር ከሆነ አትግዙ፣ ተከራዩ። ዶዘር በሰዓት ይከራያል። ኦፕሬተሩ ከማሽኑ ጋር ይመጣል፣ ናፍጣው አብዛኛውን ጊዜ በተከራይ ነው። ሥራው ሲያልቅ ማሽኑ ይሄዳል፣ ዘበኛ አይፈልግም፣ ክረምት ሙሉ ዝናብ አይመታውም። መግዛት የሚያዋጣው ለዓመታት የሚቆይ ሥራ ሲኖር ነው፣ ወይም የአካባቢው ሰው በተራ እንደሚከራየው እርግጠኛ ስትሆኑ። ሎቤዱንም አስቡት፣ ማሽን የሚጭነውን ዝቅ ያለ ተሳቢ መኪና ማለቴ ነው። ዶዘር አስፋልት ላይ በራሱ አይሄድም፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሎቤድ ይከፈልለታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

እህቴ ሪያድ ነው የምትሠራው። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆነው ሚዛን ተፈሪ አካባቢ የቡና መሬት በኢንቨስትመንት ወሰዱ። መኪና የሚያስገባ መንገድ ስለሌለው «ዶዘር ካልገዛችሁ አይሆንም» ተባሉ። አዲስ አበባ የአጎታችን ልጅ አለ። ለቅሶ የሚደርስ፣ እናቴ ስትታመም ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት፣ ማንም የሚያምነው ሰው ነው። ጠቅላላ ውክልና ተሰጠው። ደላላውን ያገናኘው እሱ ነው፣ መካኒኩን ያመጣው እሱ ነው፣ ዋጋውን የተደራደረው እሱ ነው፣ ገንዘቡም የገባው በእሱ አካውንት ነው። «ሙሉ ኦቨርሆል የተደረገ ዲ7ጂ» ተባለና ተገዛ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ የታደሰ የካተርፒላር ዶዘር። የመካኒኩ ቪዲዮ ለእህቴ ተላከላት፣ ሞተሩ ሲነሳ፣ ብሌዱ (አፈር የሚገፋው የፊቱ ብረት) ከፍ ዝቅ ሲል። ጥሩ ይመስላል።

ማሽኑ ሚዛን ደርሶ ገና መሥራት ሲጀምር ወደ ቀኝ አልዞርም አለ። ለእረፍት አገር ቤት ስገባ ሄጄ አየሁት። የስፕሮኬቱ (ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለጥርስ ጎማ) ጥርሶች በብየዳ ተሞልተው ቀለም ተቀብተዋል። ሰንሰለቱ ተለጥጧል፣ ማጥበቂያው ጫፉ ላይ ደርሷል፣ ከዚያ በላይ የሚሄድበት የለውም። ከሁሉ ያናደደኝ ግን የናፍጣ ፓምፑ ነው። በቪዲዮው ላይ የፓምፑ ብሎኖች ከነቀለማቸው ናቸው። እኔ ያየኋቸው ብሎኖች ግን ጠርዛቸው በቁልፍ ተልጦ ብረቱ ያብረቀርቃል። ማሽኑ ከታየ በኋላ፣ ሎቤድ ላይ ከመጫኑ በፊት፣ ፓምፑ ተፈቶ ሌላ ያለቀ ፓምፕ ታስሮለታል።

የአጎታችንን ልጅ ጠየቅኩት። አልካደም። ከደላላው ኮሚሽን ተቀብሏል። «ኮሚሽን እኮ ሁሉም የሚበላው ነው፣ ከእናንተ ኪስ ምን ወሰድኩ?» አለኝ። መካኒኩንም የከፈለው ሻጩ ነበር። ማለትም ያንን ዶዘር ካዩት ሰዎች መካከል ሽያጩ ቢፈርስ የማይጎዳ አንድም ሰው አልነበረም። ደላላው ይጎዳል፣ መካኒኩ ይጎዳል፣ ዘመዳችን ይጎዳል። «ተዉት፣ አትግዙት» የሚል ከየት ይምጣ?

ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። የሥጋ ዘመድ ነው፣ ፍርድ ቤት አይኬድም ተባለ። እህቴ ይቅር አለች። በሰው ቤት ቆማ ያጠራቀመችው ገንዘብ ግን እዚያ ጭቃ ላይ ቆሟል። እናቴ እስከ ዛሬ በሁለቱ መካከል ትሳቀቃለች፣ በበዓል ማንን እንደምትጠራ ግራ ይገባታል። ይሄን በዝርዝር የምጽፈው ዘመድ ሁሉ ሌባ ነው ለማለት አይደለም። ያ ልጅ ውክልናውን ብቻ ይዞ ቢሆን፣ ወይም ገንዘቡን ብቻ፣ ወይም ማሽኑን አይቶ መንገር ብቻ ሥራው ቢሆን ኖሮ ዛሬም የምንወደው ዘመዳችን ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ይሄን ሁሉ ሥራ አንድ ሰው ላይ መጫን ዘመድን ይፈትናል። ችግር ሲመጣ ደግሞ ደላላን እንደምትከሱት ዘመዳችሁን አትከሱትም። በዝምድና የተሰጠ ገንዘብ ሲጠፋ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ስለዚህ ሥራውን ከፋፍሉት። መካኒኩን ዘመድ አያምጣው፣ ደላላም አያምጣው፣ ሻጭም አያምጣው። በዚያው ሞዴል ላይ የሠራ ሰው ራሳችሁ ፈልጉ። የኮንስትራክሽን ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ወይም በጡረታ የወጣ የማሽን መካኒክ ይገኛል። ክፍያውን ከእናንተ ቀጥታ ይቀበል፣ ከመሄዱም በፊት ይቀበል። «ግዙ ብትለንም፣ ተዉ ብትለንም ክፍያህ እኩል ነው» ብላችሁ ንገሩት። ይሄን ዓረፍተ ነገር አትዝለሉት፣ ሰውየው ተዝናንቶ እውነቱን እንዲናገር የሚያደርገው እሱ ነው። በኋላ የሚመጣውን ጥገና ደግሞ ለሌላ ጋራዥ ስጡ፣ ያንንም ከመጀመሪያው ይወቀው። አለበለዚያ «ትንሽ ጥገና ነው የሚፈልገው» የሚለው ምክር የራሱን ሥራ ማመቻቻ ይሆናል።

ዘመድ ለምን ይጠቅማል? ለብዙ ነገር። ስልኩን ይዞ በቀጥታ ቪዲዮ ያሳያችኋል፣ ሰነድ ያደርሳል፣ ማሽኑ የቆመበት ሰፈር ሄዶ ዘበኛውን «ይሄ ነገር መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተነሳው?» ብሎ ይጠይቃል። ከማሽኑ ላይ የወረደውን ኦፕሬተር ካገኘው ደግሞ ሻይ ይጋብዘው። የትኛው ጎን እንደሚንሸራተት፣ በቀን ስንት ዘይት እንደሚጨምሩበት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ሻጩ በሌለበት ይሁን።

መካኒኩ ሲሄድ ምን ያይ?

ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሲደርስ መጀመሪያ ሞተሩን በእጁ ይንካው። ከሞቀ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፣ ያን ቀን ትቶት ይሂድ። ሲነሳ የሚወጣውን ጭስ በቀጥታ ቪዲዮ እዩት፣ የተቀረጸ ቪዲዮ አይሁን። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው። ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ካለ ውሃ እየገባበት ወይም ናፍጣው በደንብ እየተቃጠለ እንዳልሆነ ጠርጥሩ። ጥቁር ጭስ ግን አዲስ አበባ ላይ ብዙ አያስደንግጣችሁ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ጭነት ሲበዛ አሮጌ ሞተር ያጠቁራል። ከዚያ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈተው። እንደ ድስት እንፋሎት የሚተፋ ከሆነ ፒስተኑና ቀለበቱ አልቀዋል። የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ካየ፣ ወይም ራዲያተሩ ውስጥ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ቴስታታው ወይም የዘይት ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል።

ሞተር ግን ይጠገናል። ኪስ የሚያራቁተው ታች ያለው እግሩ ነው፣ አንደርካሬጁ። ዶዘር በዕድሜው ከሚፈጀው የጥገና ገንዘብ ግማሽ ያህሉ እዚያ ነው የሚሄደው። ሰንሰለቱ፣ ፒንና ቡሹ፣ ሮለሮቹ፣ አይድለሩ (ሰንሰለቱ ከፊት የሚዞርበት ጎማ)፣ ስፕሮኬቱ፣ ጫማዎቹ (መሬት የሚረግጡት ሳህኖች)። የስፕሮኬቱ ጥርስ ጫፍ እንደ ጦር ከሾለ አልቋል። ብየዳ ካለበት አልቆ ነበር። መካኒኩ የሰንሰለቱን የተወሰኑ ማያያዣዎች ከፒን መሐል እስከ ፒን መሐል በሜትር ይለካ፣ ልኩን ከአዲሱ ልክ ጋር ያስተያየው። ሜትሩ ተዘርግቶ ፎቶ ይነሳ፣ በቃል «ደህና ነው» አይበቃም። ከኋላ ቆሞ ሰንሰለቱን ቢያየው እንደ እባብ ከተጠማዘዘም ፒኑና ቡሹ ተበልተዋል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋው በጣም ንሯል። ስለዚህ የአንደርካሬጁን ዋጋ ሳትጠይቁ በማሽኑ ዋጋ ላይ አትደራደሩ። አንዳንድ አሮጌ ዶዘር ላይ የእግሩ ዋጋ ከራሱ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ይቀራረባል።

ከዚያ ሥራ ላይ ይሞከር። በደንብ እስኪሞቅ ይሥራ፣ ምክንያቱም ካምቢዮውም የመዞሪያ ፍሪሲዮኑም የሚያጋልጡት ሲሞቁ ነው። ብሌዱን የአፈር ክምር ላይ አስደግፎ በአንደኛ ይግፋ። ሰንሰለቱ አፈሩ ላይ መሽከርከር አለበት። ሞተሩ እየጮኸ ሰንሰለቱ ከቆመ የሆነ ቦታ ይንሸራተታል። በግራም በቀኝም ይዙር፣ እኩል ይዙር፣ ፍሬኑም በሁለቱም ጎን ይያዝ። ብሌዱን አንስቶ ሞተሩን ያጥፋ፣ ቁልቁል የሚወርድበትን ፍጥነት ይይ። ከስፕሮኬቱ ጀርባ ዘይት ካለ የሚያፈሰው ፋይናል ድራይቩ ነው፣ ስፕሮኬቱን የሚያዞረው የጥርስ ሳጥን። የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ፈትቶ የብረት ፍቅፋቂ ካገኘበት ተዉት ብያለሁ። ሰዓት ቆጣሪውን አትመኑ፣ በአሮጌ ማሽን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ቆሟል ወይ ተቀይሯል።

ሞዴሉንም በቁጥሩ አረጋግጡ። ካተርፒላር ዲ8ኬ የተሠራው በፈረንጅ ከ1974 እስከ 1982 ነው። «የ90ዎቹ ዲ8ኬ» ካሏችሁ ንግግሩን እዚያው አቁሙ። የሴሪ ቁጥሩ መጀመሪያም ይናገራል፦ 46ኤ ዲ8ኤች ነው፣ 77ቪ ዲ8ኬ ነው፣ 92ቪ ዲ7ጂ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ ይሁን። ሰሌዳው አዲስ ሆኖ ብረቱ ላይ ያለው ከተፋቀ ያ ማሽን ለማንም አይሆንም።

ወረቀት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ቀረጥ ነው። ብዙ ማሽን አገር ውስጥ የገባው ለኢንቨስትመንት ተብሎ ከቀረጥ ነፃ ነው። እንዲህ ያለው ቀረጡ ሳይከፈል መብቱ ለሌለው ሰው አይተላለፍም። የጉምሩክ ወረቀቱን፣ ዲክላራሲዮኑን፣ ካላያችሁ ቀረጡ የእናንተ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። ሁለተኛው መያዣ ነው። ሻጩ ማሽኑን ባንክ አስይዞት ይሆናል። ከአዋጅ 1147/2011 ወዲህ ብሔራዊ ባንክ የሚያስተዳድረው የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ መዝገብ አለ፣ ጠበቃ ያስፈትሽላችሁ። ሊብሬውን ከሰጠው መሥሪያ ቤትም ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑ ይረጋገጥ።

ጠቅላላ ውክልና አትስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው። ልዩ ውክልና ስጡ። የማሽኑን ሞዴል፣ ሴሪ ቁጥር፣ የዋጋውን ጣሪያ ጻፉበት። መሸጥና ሌላ ሰው መወከል እንደማይችልም ይጻፍ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይፈረማል፣ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል፣ ውልና ማስረጃ ይገባል፣ መንገዱን ታውቁታላችሁ።

ገንዘቡ በራሳችሁ ስም ባለው አካውንት ይቀመጥ። ወኪሉ ማውጣት የሚችለው በሻጩ ስም በሚሠራ ሲፒኦ (ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ብቻ ይሁን። መካኒኩ ሳያይ ቀብድ የሚባል ነገር አይሰጥ። ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ደላሎችም ይሄን ስለሚያውቁ ነው «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ዛሬ ቀብድ ካላሰራችሁ ያመልጣችኋል» የሚሉት። ያምልጣችሁ።

በመጨረሻ ርክክቡ። በምርመራው ቀን የሞተሩ፣ የናፍጣ ፓምፑ፣ የሞተሪኖውና የዲናሞው ቁጥር ይመዝገብ፣ ሽያጭ ውሉ ላይም ይግባ። ባትሪውም አይረሳ። መካኒኩ የፓምፑንና የካምቢዮውን ብሎኖች በቀለም ምልክት ያድርግባቸው። ውሉ የሚፈረመው ማሽኑ ሎቤድ ላይ በሚወጣበት ቀን ይሁን። ጠዋት ያው መካኒክ ተመልሶ ይሂድ፣ ለዚህም ለብቻው ክፈሉት። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በቀጥታ ቪዲዮ ያንብብላችሁ፣ ምልክቶቹን ያሳያችሁ። አንድ ቁጥር ከተለወጠ ሲፒኦው ከወኪሉ ኪስ አይወጣም። ሁሉም ልክ ከሆነ ይፈረም፣ ይከፈል፣ ማሽኑ በዚያው ሰዓት ይጫንና ይንቀሳቀስ፣ በሻጩ ግቢ አንድ ሌሊት እንኳ አይደር። ስም ሲዛወር ውክልናውን ሻሩት፣ መሻሩንም ለወኪሉ ራሳችሁ ደውላችሁ ንገሩት።