«ማታ አንሠራም» ብሎ ነገር አያድንም፦ የአየር ብክለት ፈቃድ ስናነብ የምንሳሳትባቸው ቃላት

ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ አካባቢ ጉዳይ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ነገር አይቻለሁ። ሰው የፈቃድ ሰነድ ሲይዝ ቀጥታ ወደ ቁጥሮቹ ይሮጣል። «ትርጓሜ» የሚለውን ገጽ ማንም አያነበውም። እኔም አላነብም ነበር። የውጭ ገዢ ወይም እናት ኩባንያ የአሜሪካኑን የአየር ብክለት ፈቃድ ቅጽ ሙሉ ሲለን ነው ጣጣው የመጣው። ቃሉ የምናውቀው ይመስላል፣ ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው።

ትልቁ ስህተት «የመልቀቅ አቅም» የሚለውን «የምንለቀው» ብሎ ማንበብ ነው። የአሜሪካው ሕግ አምና ስንት ለቀቅክ አይልህም። መሣሪያህ ሌት ተቀን በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ ስንት ሊለቅ ይችላል ነው የሚልህ። እንበልና ቦይለርህ (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጥህ ማሽን) በሰዓት 15 ኪሎ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ትሠራለህ። 360 ኩንታል መሆኑ ነው፤ ይህን ጽፈህ ተረጋግተህ ትተኛለህ። ገምጋሚው ግን በዓመቱ 8,760 ሰዓት ያባዛውና 1,314 ኩንታል ይልሃል። አንድን ፋብሪካ «ዋና ምንጭ» (ትልቅ በካይ) የሚያሰኘው የተለመደው መነሻ ደግሞ 100 ቶን ነው። ያውም የእነሱ ቶን 907 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በእኛ ወደ 907 ኩንታል ይመጣል። (ቶኑን 1,000 ኪሎ እያደረገ የሚያሰላ ስንት አለ!) ትንሽ ነኝ ስትል ትልቅ ሆነህ አደርክ ማለት ነው።

አንድ ሥራ አስኪያጅ «እኛ እኮ ማታ አንሠራም፣ ያለው ዘበኛው ብቻ ነው» ብሎ ሲሟገት ሰምቻለሁ። እውነቱን ነው። ግን ሰዓቱ የሚቀነስልህ በቃል ስለተናገርክ ሳይሆን፣ ገደቡ ፈቃዱ ላይ ሰፍሮ ብትጥሰው የምትጠየቅበት ግዴታ ሲሆን ነው። ማጣሪያም እንደዚያው፤ መገጠሙ ብቻውን አይበቃም።

ጀነሬተር ላይ ትንሽ ለቀቅ ይላል። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ለድንገተኛ ጊዜ ብቻ የተቀመጠ ጀነሬተር በ8,760 ፋንታ በ500 ሰዓት ሊሰላ ይችላል። «ብቻ» የምትለዋን ቃል አጥብቀህ ያዛት። መብራት ሳይጠፋም ሥራ ሲበዛ የምታስነሳው ከሆነ ይህ አይመለከትህም።

ቀጥሎ «ምንጭ» አለ። እኛ ምንጭ ሲባል ጭስ ማውጫውን እናያለን። በእነሱ ሕግ ግን ሦስት ነገር ከተሟላ ግቢው በሙሉ አንድ ምንጭ ሊሆን ይችላል፦ በአንድ አካል ሥር ከሆነ፣ ጎን ለጎን ከሆነ፣ በአንድ የኢንዱስትሪ ዘርፍ ከተመደበ። ማቅለሚያውንና ሽመናውን በመሐል በምታልፍ መንገድ ለይተህ «ሁለት ነን» ብትል አጥሩን አይተው አይለቁህም።

«ያመለጠ ልቀት» የሚለው ደግሞ ብልጥ ነን ባዮችን ይጥላል። በመስኮትና በበር የወጣ ሁሉ ያመለጠ ይመስለናል። ትርጉሙ ግን በጭስ ማውጫ ወይም በሌላ መተንፈሻ በኩል እንዲወጣ ማድረግ በአግባቡ የማይቻል ማለት ነው። ጥያቄው በየት ወጣ ሳይሆን ሰብስበህ ማስወጣት ትችል ነበር ወይ ነው። በግቢው አፈር መንገድ ላይ መኪና የሚያስነሳው አቧራ ያመለጠ ነው። ከወፍጮው አፍ የሚቦነው ግን መሳቢያ ቢገጠምለት የሚያዝ ከሆነ መሳቢያ አልገጠምክለትም እንጂ አላመለጠም።

«ማሻሻያ» (ልቀትን የሚጨምር ለውጥ) ላይ ብዙ አልቆይም። ቦይለሩን ከናፍጣ ወደ ድንጋይ ከሰል ቀይሮ «ጥገና ነው» ማለት አይሄድም፤ ከድሮውም በከሰል እንዲሠራ ሆኖ ካልተተከለ በቀር።

የመጨረሻው እዚሁ ቤታችን ያለ ነው። ከላይ ያሉት ቁጥሮች የአሜሪካ ናቸው፤ አንድ ሰነድ ላይ 100 ቶኑን የኢትዮጵያ ሕግ አድርጎ የጻፈ ሰው አይቻለሁ። የእኛው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። (ዓመቱ ከጀነሬተሩ መመሪያ ጋር ቢመሳሰልም ይህኛው በኛ አቆጣጠር ነው፣ እንዳታምታቱት።) የዚህ አዋጅ «በካይ» ትርጉም ከጭስ በጣም ይሰፋል። ጠጣሩም፣ ፈሳሹም፣ ጋዙም አለበት፤ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ፣ ንዝረትና ሙቀት የሚያስከትለውም ይገባል። ከኮምቦልቻ በላይ ካለው ከሐረጎ ተራራ ቁልቁል ስትመጣ ከሩቅ የሚታይህ ነጭ ነገር ብዙ ጊዜ የውሃ እንፋሎት ሊሆን ይችላል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ጭስ ማውጫውን እያሳየህ «ይኸው፣ ምንም የለም» ብትለው፣ ሰውየው አፍንጫውን ይዞ ከሆነ መልስ አልሰጠኸውም። ክልሎችም ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣት ይችላሉ፣ የላላ ግን አይችሉም፤ የፌዴራሉን ብቻ አይተህ ከመፈረምህ በፊት ክልሉንም ጠይቅ።