ቅርጫት ኳስ እንጀራዬ ይሁን ላለች የድሬ ልጅ፦ መንገድ የሚዘጉ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚችሉ ሴት ልጆች ጠፍተው አያውቁም። ሐረርም እንደዚያው። ቁመት ያላቸው አሉ፣ እግረ ፈጣኖች አሉ፣ ኳስ እጃቸው ላይ የሚያምርላቸው አሉ። ብዙዎቹ ግን አስራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርሱ ጨዋታውንም ይጨርሳሉ። ችሎታ አንሷቸው ቢሆን ምንም አልልም ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀራቸው ከሜዳ ውጭ ያለ ነገር ነው፤ በወቅቱ ያልታከመ ጉልበት፣ የተቀነሰ ዕድሜ፣ ሳይነበብ የተፈረመ ወረቀት። አስቀድሞ ያወቀ ሰው ይጠነቀቃቸዋል። ስለዚህ አንድ በአንድ ልንገርሽ። ወላጅና አሰልጣኝም አብሮ ቢያነብ ደስ ይለኛል።

በወንዶች ኳስ ማደግ

ሴቶች በውድድር የሚጫወቱት በ6 ቁጥር ኳስ ነው። ከወንዶቹ 7 ቁጥር በዙሪያው 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያንሳል፣ ክብደቱም ይቀላል። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ያለው አንድ ኳስ ነው፤ እሱም 7 ቁጥር። ልጅቷ ስለሚከብዳት ከደረቷ ትገፋዋለች፣ ክርኗም ወደ ጎን ይወጣል። በኋላ ትክክለኛውን ኳስ ብትይዝም ያ አወራወር አብሯት ይሄዳል። ተዋጥታችሁም ቢሆን አንድ 6 ቁጥር ግዙ።

ረጅሟን ከቅርጫቱ ሥር መትከል

“ኮች፣ እኔም ኳስ ልንዳ?”
“አንቺ ረጅም ነሽ። ግቢና ቁሚ፣ ሪባውንድ (ሳይገባ የሚመለሰውን ኳስ) ያዢ።”

ይህን ምልልስ ያልሰማ የሰፈራችን ተጫዋች ያለ አይመስለኝም። አሰልጣኙ ክፉ አስቦ አይደለም፤ የቅዳሜውን ጨዋታ ማሸነፍ ይፈልጋል። ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። በአሜሪካው የሴቶች ሊግ፣ በደብሊውኤንቢኤ፣ የተጫዋቾች አማካይ ቁመት 1 ሜትር ከ83 አካባቢ ነው። እዚህ “ግንብ” የምትባለው 1 ሜትር ከ78 የሆነች ልጅ እዚያ ብትሄድ ኳስ የምትነዳ፣ ከሩቅ የምትወረውር ጋርድ ነው የምትሆነው። ድሪብል ሳትማር ካደገች ማን ይወስዳታል? ስለዚህ ቁመትሽ ምንም ይሁን ምን በግራ እጅሽም ንጂ። የሦስት ነጥቡ መስመር ከቅርጫቱ 6.75 ሜትር ነው። ሜዳችሁ ላይ ቀለሙ ከለቀቀ በሜትር ለኪና በኖራ አስምሪ።

ጉልበትን መናቅ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የብዙ ልጆችን ጨዋታ ያስቆመው ይሄ ስለሆነ።

ኳስ ለመንጠቅ ዘልላ የምታርፍን ልጅ ፊት ለፊት ቆመሽ እያት። ፊቷን ተዪውና ጉልበቶቿን ተመልከቺ። እግሯ መሬት ሲነካ ሁለቱ ጉልበቶች ወደ ውስጥ ከተጠጋጉና እግሯ ሳይታጠፍ ቀጥ እንዳለ ካረፈች፣ አደጋው እዚያ ጋ ነው። ጉልበት ውስጥ የታፋንና የቅልጥምን አጥንት የሚያያይዝ ጅማት አለ። እንዲህ ባለ አስተራረፍ ወይም በድንገተኛ መታጠፍ ጊዜ ይበጠሳል፤ የነካት ሰው ሳይኖር። በሴት ተጫዋቾች ላይ ይህ ጉዳት ከወንዶቹ በብዙ እጥፍ በዝቶ ይታያል።

ደስ የሚለው፣ መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም። ከልምምድ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሚወስድ ማሟሟቂያ ነው። ቁጭ ብድግ፣ በአንድ እግር ሚዛን ጠብቆ መቆም፣ ዘልሎ ጉልበትን ከእግር ጣት አቅጣጫ ሳያስወጡ በዝግታ ማረፍ። ሳይቋረጥ የሠራ ቡድን ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንስለታል። ሁለት ዙር ሜዳውን ሮጦ ወደ ጨዋታ መግባት ማሟሟቅ አይደለም፤ በተለይ በእኛ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ።

ጉዳቱ ከደረሰስ? ጉልበትሽ ውስጥ “ቋ” ያለ ነገር ከሰማሽ፣ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ስትቆሚም የሚከዳሽ ከመሰለሽ፣ ወጌሻ ጋ ሄደሽ አትታሺ። ወጌሻን ንቄ አይደለም፤ የተበጠሰ ጅማትን ግን እሽት አይመልሰውም። የአጥንት ሐኪም ይየው፣ ካለም ኤምአርአይ ተነሺ። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ወደ ጨዋታ ለመመለስ ቢያንስ 9 ወር ይታሰባል። “ሕመሙ ጠፍቷል” ብሎ በአምስተኛው ወር መግባት ሁለተኛ መበጠስን መጋበዝ ነው።

በባዶ ሆድ መሮጥ

ቁርስ ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ዘግይቶ፣ አመሻሽ ላይ ሁለት ሰዓት ልምምድ። ከዚያ “ድክም ይለኛል” ይመጣል። ሴት ተጫዋች በወር አበባዋ ደም ስለምታጣ የብረት ማዕድን እጥረት በቀላሉ ያገኛታል። እኛ ደግሞ ሻሂ ወዳጆች ነን። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚወስደውን ብረት ይቀንሰዋል። ሻይሽን ከምግቡ አንድ ሰዓት አርቂው። በጾም ወቅት ምስርና ሽሮ ይብዛ፣ ሎሚ ጣል ይደረግበት። በረመዳን ጠንከር ያለው ልምምድ ከፍጡር በኋላ ይሁን፤ አሰልጣኙ ካልገባው ቡድኑ ተሰብስቦ ይንገረው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ በቀትር ሜዳ አትውጪ፤ የድሬን ፀሐይ በጀግንነት ያሸነፈ የለም።

የወር አበባሽ ለወራት ከቀረም ዝም አትበዪ። “ስፖርተኛ ነኝ፣ ያለ ነው” የሚሉ አሉ። ልክ አይደለም። የምትበዪው ከምታወጪው ጉልበት እንዳነሰ ሰውነትሽ እየነገረሽ ነው፤ አጥንትሽንም ያሳሳል።

ጫት

ይሄን ሳንተፋፈር እናውራው። ከተማችን ውስጥ ጫት ያለበት ቤት ብዙ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጓደኛ ሲሰበሰብ “ትንሽ ቅመሺ” ማለት ነውር የለውም። ፕሮፌሽናል መሆን ለምትፈልግ ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጫት ውስጥ ካቲኖንና ካቲን የሚባሉ አነቃቂ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሁለቱም በዓለም አቀፉ ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ በዋዳ፣ የተከለከሉ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ክልከላው በውድድር ጊዜ ነው፤ ካቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም ካለፈ እንደ ጥፋት ይቆጠራል። “የሀገሬ ባህል ነው” የሚለው መልስ አያድንም፤ ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እገዳ ሊደርስ ይችላል። ሁለት ዓመት ለተጫዋች ብዙ ነው።

አንዳንድ የጉንፋን ኪኒኖችም እንዲሁ የተከለከለ ነገር አለባቸው። ፋርማሲ ስትሄጂ ስፖርተኛ መሆንሽን ተናገሪ።

“በሂጃብ አይሆንም” ብሎ ማቆም

እዚህ አካባቢ ስንት ልጅ በዚህ ምክንያት እንደቀረች ሳስብ ያንገበግበኛል። አንድ ጊዜ እውነት ነበር። ቢልቂስ አብዱል ቃዲር የተባለች አሜሪካዊት በማሳቹሴትስ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ውድድር 3,070 ነጥብ አስቆጥራ ከወንዱም ከሴቱም የሚስተካከላት አልነበረም። ዩኒቨርሲቲም በሂጃቧ ተጫውታለች። በውጭ ሀገር ክለብ ልትቀጠር ስትል ግን የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ የፊባ፣ ደንብ የራስ መሸፈኛ ስለሚከለክል በሩ ተዘጋባት። እሷና ሌሎች ዝም አላሉም። ፊባ በግንቦት 2017 (የክስተቶቹን ቀንና ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ደንቡን ቀየረው፤ ከጥቅምት 1 ቀን 2017 ጀምሮም ተፈቀደ።

አሁን የሚሠራው ስህተት ሌላ ነው። ሻሽን በመርፌ ቁልፍ አስይዞ ሜዳ መግባት። ደንቡ ፊት የማይሸፍን፣ ፊትና አንገት አካባቢ መክፈቻና ማያያዣ የሌለው፣ የሚንጠለጠል ጫፍም የሌለው መሸፈኛ ነው የሚለው። ቀለሙ አንድ ወጥ ይሁን፤ በአንድ ቡድን ውስጥም አንድ ዓይነት። ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ከሚለጠጥ ጨርቅ በራስ የሚጠለቅ አድርጎ ይሰፋዋል። ሒና ችግር የለውም፤ ረጅም ጥፍር ግን ዳኛው ያስቆርጥሻል።

ደብሊውኤንቢኤን ብቻ ማለም

ማለሙ ጥሩ ነው። ቁጥሩን ግን እወቂ። በ2025 ሊጉ 13 ቡድን ነበረው፣ አንድ ቡድን ይይዝ የነበረው ቢበዛ 12 ተጫዋች ነው። መላው ዓለም ለ150 ገደማ ቦታ ይሻማ ነበር። ክፍያውም ብዙዎች እንደሚያስቡት አልነበረም። በ2024 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) አንደኛ የተመረጠችው ኬትሊን ክላርክ የመጀመሪያ ዓመት የሊግ ደሞዟ 76,535 ዶላር ነበር። የሊጉ ኮከብ ዳያና ቶራሲ የ2015ን የደብሊውኤንቢኤ ውድድር ሙሉ በሙሉ የተወችው የሩሲያ ክለቧ እንድታርፍ ስለከፈላት ነው። ሌላዋ ኮከብ ብሪትኒ ግራይነርም በ2022 ሩሲያ ውስጥ ስትታሰር እዚያ ያደረሳት ሊጉ በሚያርፍበት ወቅት ለሩሲያ ክለብ የምትጫወተው ሥራዋ ነበር።

ይህን የምነግርሽ ሥራው በብዙ ሀገር እንዳለ እንድታዪ ነው። ቱርክ፣ ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ፖላንድ ሴት ተጫዋች በደሞዝ ይቀጥራሉ። ቅርባችን ኬንያ፣ ሩዋንዳና ግብፅ ውስጥ በአፍሪካ ክለቦች ውድድር የሚታዩ የሴት ቡድኖች አሉ፤ ኢትዮጵያም ከእነሱ ጋር በአንድ ዞን ናት። ዞን አምስት ይባላል። ደቡብ ሱዳን በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ በሴቶች አፍሮባስኬት፣ በአፍሪካ ሻምፒዮና፣ ተሳትፋ ነሐስ ይዛ ተመለሰች። ናይጄሪያ በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ለሩብ ፍጻሜ የበቃች የመጀመሪያዋ የአፍሪካ ቡድን ሆነች፤ ከወንዶቹም ቀድማ። ከኪንሻሳ የወጣችው ምዋዲ ማቢካ ደግሞ በ2001 እና በ2002 ከሎስ አንጀለስ ስፓርክስ ጋር የደብሊውኤንቢኤን ዋንጫ አንስታለች።

አንድ ቅርጫት ብቻ የቀረው ሜዳ ላላችሁ ደግሞ ሦስት ለሦስት አለላችሁ። ከቶኪዮ ጀምሮ የኦሎምፒክ ስፖርት ነው። 10 ደቂቃ ወይም 21 ነጥብ፣ ለመወርወር 12 ሰከንድ፣ ሦስት ተጫዋችና አንድ ቅያሪ። ሙሉ ሜዳ እስኪሠራ መቀመጥ አያስፈልግም።

ትምህርትን ማቆም፣ ዕድሜን መቀነስ

ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በስኮላርሺፕ መሄድ ዋናው በር ነው። በከፍተኛው ዲቪዚዮን ለመጫወት ከሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ኮርሶች ይጠየቃሉ፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና የመሳሰሉት። ለውድድር ብለሽ ክፍል ከቀረሽ ያንን በር በገዛ እጅሽ ትዘጊዋለሽ።

ዕድሜ መቀነሱን በተመለከተ፣ አንዳንድ አሰልጣኞች ለታዳጊዎች ውድድር ብለው ሁለት ዓመት ያነሱልሻል። ፓስፖርት ስታወጪ ልደት ሰርተፍኬትሽ፣ የትምህርት ማስረጃሽና መታወቂያሽ አይገጥሙም። እምቢ በዪ። የስምሽ የእንግሊዝኛ አጻጻፍም በሁሉም ላይ አንድ ይሁን።

በቴሌግራም የመጣን “ኤጀንት” ማመን

“ቱርክ ክለብ አለ፣ ለቪዛ ማስኬጃ ይህን ያህል ላኪ።” እንዲህ ብሎ የሚጀምርን ሰው ብሎክ አድርጊው። ተጫዋችን ከሀገር ሀገር የሚያዘዋውር ወኪል የፊባ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃድ ያላቸው ስማቸው በፊባ ድረ ገጽ ላይ ስላለ ገብቶ ማየት ነው። ወኪሉ የሚያገኘው ከውልሽ ነው፤ ያውም ከ10 በመቶ ሳይበልጥ። ከ18 ዓመት በታች ከሆንሽ ደግሞ ዓለም አቀፍ ዝውውር በልዩ ሁኔታ ካልሆነ አይፈቀድም። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅን “ነገ ትበሪያለሽ” የሚል ሰው ወይ ደንቡን አያውቅም፣ ወይ ሌላ ነገር አስቧል።

ውሉ ሲመጣ አባትሽን ወይም እንግሊዝኛ የሚችል ዘመድ አስቀምጠሽ አንብቢ። ደሞዙ ከታክስ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ቤትና የአውሮፕላን ቲኬት፣ መሄጃም መመለሻም፣ የማን ነው? ብትጎጂ ሕክምናውን ማን ይከፍላል፣ ደሞዙስ ይቀጥላል? ብታረግዢስ? ደብሊውኤንቢኤ በ2020 ስምምነቱ በወሊድ ፈቃድ ሙሉ ደሞዝ ፈቅዷል፤ ሌላ ቦታ ያለው ውልሽ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

አንድ አንቀጽ ደግሞ ለይተሽ ፈልጊ። ክለቡ ደሞዝ ቢከለክልሽ ክርክሩ የት እንደሚታይ የሚናገረውን። ከ2007 ጀምሮ የቅርጫት ኳስ የግልግል ዳኝነት ተቋም ጄኔቭ ላይ አለ። ጉዳይሽን የሚያየው ግን ውሉ ላይ ስሙ ተጠቅሶ ከተስማማችሁ ነው። ካልተጻፈ ከመፈረምሽ በፊት አስጨምሪ፣ “በኋላ እናስገባዋለን” ካሉሽ አትፈርሚ። ከሀገር ለመውጣትም ከፌዴሬሽኑ የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ስለሚወስድ ቀደም ብለሽ ጠይቂ። የተፈረመውን ውል አንድ ኮፒ እናትሽ ጋ ተዪ፣ አንዱን በስልክሽ አንሺ፣ ሦስተኛውን ይዘሽ ሂጂ።