ክረምት ሳይገባ የሰፈር የጎርፍ ዕቅድ እንዴት ይዘጋጃል?

ግንቦት ሲመጣ በየወረዳው የክረምት አደጋ ዕቅድ ይጻፋል። ብዙውን ጊዜ ያምናው ወረቀት ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ይቀየራል። አዲስ አበባ ውስጥ በከተማ ደረጃ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን አለ፤ ከዚያ 11 ክፍለ ከተሞች፣ ከዚያ ወረዳዎች እያለ ይወርዳል። ጎርፍ ቤት ሲገባ ግን መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ይህን የጻፍኩት ኮሚቴ ውስጥ ግቡ ለተባሉ ሰዎች ነው፤ ለወረዳ ባለሙያ፣ ለብሎክ ተጠሪ፣ ለዕድር ዳኛ።

በእግር ሂዱ። ቢሮ ተቀምጦ ካርታ ላይ ቀይ መስመር ማስመር ብዙም አይጠቅምም። ወንዙን ተከትላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ቀበናም ግንፍሌም ውሃቸውን የሚያመጡት ከእንጦጦ በኩል ነው። ሰፈሩን የሚያውቁ አንድ አዛውንት ይዛችሁ ውሃው እስከየት ደርሶ እንደሚያውቅ ጠይቁ። ያሳዩዋችሁን ቦታ ግድግዳው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ደግሞ ውሃ ብቻ አትፈልጉ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ወሩ ክረምት አልነበረም። ያዘመመ የድጋፍ ግንብ፣ የድንጋይ ካባ፣ ክፍቱን የቀረ የግንባታ ጉድጓድ ካለ ይመዝገብ።

ቦይ ማስጠረግ ሁሉም የሚያውቀው ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የወጣውን ደለል ዳር ላይ አትተዉት። በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

ማስጠንቀቂያ። ዕቅድ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ድሬዳዋን አስቡ። ከዚራንና መጋላን የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ውሃው የመጣው ከላይ፣ ደጋው ላይ ከዘነበው ዝናብ ነው። ታች ለተኛው ሰው የሚነግረው ካልኖረ በምን ይወቅ?

ስለዚህ ከላይ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። የኔ ምርጫ የሌሊት ጥበቃ ነው፤ ድልድይ አጠገብ ያለ የመጋዘን ወይም የሕንፃ ዘበኛ። ለነገሩ በዚያ ሰዓት ነቅቶ የሚገኘው እሱ ነው። የድልድዩ ምሰሶ ላይ ሁለት መስመር ቀቡ፤ ከታች ቢጫ፣ ከላይ ቀይ። ውሃው ቢጫው ላይ ሲደርስ ዘበኛው ታች ላለው ተረኛ ይደውላል፣ ተረኞቹም ይነሳሉ። ቀዩ ላይ ሲደርስ ሰው ከቤት ይወጣል። ቀዩን መስመር ያየ ሰው ማንንም አያስፈቅድም። ይህ በጽሑፍ ይስፈር፣ ኃላፊውም ይፈርምበት። አለበለዚያ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ስልኩ የማይነሳ አለቃ እየተፈለገ ውሃው አልጋ ሥር ይገባል። ቢጫና ቀይ መለየቱ ለሌላም ይጠቅማል። በየዝናቡ ሰውን ከቤት የምታስወጡት ከሆነ በሦስተኛው ማንም አይሰማችሁም።

ቀጥሎ ድምፁ እንዴት ይድረስ የሚለው አለ። የቴሌግራም ግሩፕ ለቀን ጥሩ ነው። ሌሊት ግን ሰው ተኝቷል፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ኔትወርክም እንደምታውቁት ነው። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ይረዳል፤ አስተዳዳሪዎቹን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። የዕድር ጡሩምባ ነፊም አለ። ጡሩምባ ሲሰማ ግን ሰው ማን ሞተ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ለጎርፍ የተለየ አነፋፍ ተስማሙበትና ሰፈሩን አስለምዱ።

ይህም ሆኖ አይበቃም። ከባድ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የጎን ሰው ድምፅ እንኳ አይሰማም። ስለዚህ በር የሚደበድብ ወጣት መመደብ ግድ ነው፤ ለአንድ ልጅ አምስት ቤት ያህል። ዝርዝሩን ስታዘጋጁ በዕድር መዝገብ ብቻ አትተማመኑ። ወንዙ ዳር፣ ከግቢው ጀርባ ያለችውን ርካሽ ክፍል የሚከራየው ብዙ ጊዜ የዕድር አባል ያልሆነ ሰው ነው። ተከራዮችን በር ለበር ዞራችሁ መዝግቡ። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ፣ አራስ፣ ወላጅ የማታ ሥራ ሲሄድ ቤት የሚቆለፍባቸው ልጆች ካሉ ከስማቸው አጠገብ ማን እንደሚያወጣቸው ይጻፍ።

የት ይሂዱ? ሁሉም ዕቅድ ትምህርት ቤት ይላል። ግን ትምህርት ቤት ክረምት ዝግ ነው። ቁልፉ ማን ጋ ነው? ሁለት ሰው ጋ ይሁን፣ ሁለቱም ሰፈሩ ውስጥ የሚያድሩ። ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለ መጠለያ አትምረጡ፤ ድልድዩ ከተዘጋ ማን ይሻገራል?

ስልክ። 939 እሳትና ድንገተኛ አደጋ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ፖሊስ። ከእነዚህ ውጭ ያለውን ቁጥር ሁሉ ሰኔ ላይ ራሳችሁ ደውሉና አረጋግጡ፤ ሹም ሽር ካለ ግማሹ ተቀይሯል። ሲደወል ቦታው በምን እንደሚነገር አንድ ምልክት ላይ ተስማሙ፤ አንዱ በዳቦ ቤቱ፣ ሌላው በጋራዡ ሲጠራው መኪናው ይንከራተታል። የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበትን መንገድ በሜትር ለኩ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት ሥራውን አክብዶት ነበር። መንገድ ላይ የተዘረጋ ሸራና የተደረደረ ብሎኬት ካለ ከአሁኑ ይነሳ።

ልምምድ አንዴ በሌሊት አድርጉ። የቀኑ ልምምድ ለፎቶ ነው።

ውሃው ከሸሸ በኋላ ሰው ቶሎ ብሎ ቤቱን መጥረግ ይፈልጋል። ቆጣሪው ረጥቦ ከሆነ ባለሙያ ሳያየው መብራት አይብራ። የጎርፍ ውሃ ሽንት ቤት ውስጥ ያለውን ይዞ ነው የሚመጣው። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አተት ተከስቶ እንደነበር አትርሱ። የቧንቧውን ውሃ ለጊዜው አፍልታችሁ ጠጡ፣ ካልሆነም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት። ጉዳቱን በዚያው ቀን ግድግዳው ላይ ያለው የጭቃ መስመር ሳይታጠብ በፎቶ ያዙት። እርዳታ ሲመጣ ማን ምን ጠፋበት የሚለው ክርክር አይቀርም። መዝጋቢውና አከፋፋዩም አንድ ሰው አይሁኑ። ያን የጭቃ መስመር ግንቦት ላይ ከቀባችሁት ምልክት ጋር አስተያዩት። በልጦ ከተገኘ ምልክቱን ከፍ አድርጉና የሚደበደቡትን በሮች ዝርዝር ጳጉሜን ሳይወጣ አስተካክሉ።