ነጭ ወይን ከጠጡ አይቀር፦ ልኩ በሚሊ ሊትር

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የዓሣ ጥብስ ቀርቦ ነጭ ወይን ሲታዘዝ «ለልብ ጥሩ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ወሬው የመጣው ከቀይ ወይን ነው። ለልብ ይበጃል የተባለለት ሬስቬራትሮል የሚባለው ንጥረ ነገር ያለው በፍሬው ልጣጭ ላይ ሲሆን፣ ነጭ ወይን የሚብላላው ጭማቂው ከልጣጩ ከተለየ በኋላ ነው። ቀዩም ቢሆን የያዘው ኢምንት ነው። «ጥቂት የሚጠጡ ከማይጠጡት ይሻላሉ» ያሉት የቆዩ ጥናቶች ብዙዎቹ፣ ታመው መጠጥ ያቆሙትን ሰዎች «ከማይጠጡት» ጋር ደምረው ነበር የቆጠሩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ጉዳት የለሽ የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ለሴቶች የጡት ካንሰር ስጋት በቀን በአንድ ብርጭቆም ከፍ ይላል። ስለዚህ ለጤና ብሎ መጀመር አያዋጣም። የሚጠጣ ሰው ግን ጉዳቱን መቀነስ ይችላል።

መጀመሪያ ብርጭቆውን ለኩ። ቤት ውስጥ የሕፃን ጡጦ ካለ ጎኑ ላይ የሚሊ ሊትር ምልክት አለው። እስከ 100 ውሃ ሙሉበት፣ ወደምትጠጡበት ብርጭቆ ገልብጡት፣ ውሃው የደረሰበትን በውጭ በኩል በጥፍር ቀለም አስምሩ። ሆዱ ሰፊ በሆነው የወይን ብርጭቆ 100 ሚሊ ሊትር ከታች በኩል ብቻ ነው የሚታየው፤ ቀጂው የሰሰተ ይመስላል። በትልቅ የውሃ ብርጭቆ ሙሉ ከቀዳችሁ ግን 250 ገደማ ነው፣ ማለትም «አንድ ብቻ» ያላችሁት ሁለት ተኩል ሆነ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የአልኮሉን ግራም ለማወቅ ሚሊ ሊትሩን በፐርሰንቱ፣ ከዚያ በ0.8 አባዙና ለ100 አካፍሉ። ፐርሰንቱ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። 12 ፐርሰንት ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ፣ ሙሉው 750 ደግሞ 72 ግራም ይይዛል። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው፤ ቡናም ሎሚም ቀዝቃዛ ሻወርም አያፋጥነውም። የእንግሊዝ ጤና ባለሥልጣናት ያስቀመጡት ጣሪያ ለወንድም ለሴትም በሳምንት 112 ግራም ነው፤ አንድ ጠርሙስ ተኩል መሆኑ ነው፣ ያውም ቢያንስ በ3 ቀን ተከፋፍሎ። ጣሪያ ነው እንጂ ኮታ አይደለም።

በባዶ ሆድ አትጀምሩ። እስከ 9 ሰዓት ጾሞ የዋለ ሰው ከምግብ በፊት ሲጎነጭ አልኮሉ ሳይዘገይ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርድና በደቂቃዎች ውስጥ ደም ውስጥ ይገባል። ጨጓራ ያለበትማ ባይነካው ይሻላል፤ ነጭ ወይን አሲድ ያነሳሳል፣ ቃር ያባብሳል። ሐዋሳ በጋ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ በሙቀት የተጠማ ሰው የቀዘቀዘ ወይን እንደ ውሃ ነው የሚጨልጠው። መጀመሪያ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። ወይኑን በአምቦ ውሃ እኩል ማቅጠን ለመዘግየት ይረዳል፤ በለስላሳ መደባለቅ ግን ስኳሩን ከመጨመሩም በላይ አልኮሉን ከምላስ ይደብቀዋል።

በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበሉ «ወይኑ ተባዩን ይገድለዋል» ይላሉ። አይገድልም። 12 ፐርሰንት አልኮል ሆድ ውስጥ ይበልጥ ይቀጥናል፤ የዓሣን ጥገኛ ትል የሚገድለው በደንብ ማብሰል ነው።

መድኃኒት ላይ ቀልድ የለም። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዙት ሜትሮኒዳዞልና ቲኒዳዞል ከአልኮል ጋር ማስመለስና የልብ ድለቃ ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ ኪኒኑ ካለቀም በኋላ 3 ቀን ጠብቁ። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድና ሄፓታይተስ ያለበት ጉበቱ ላይ አልኮል አይደርብበት። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ሌሊት ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል፦ ያልበዋል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል፣ አጠገቡ ያለውም «ሰክሮ ነው» ብሎ ያስተኛዋል። በስኳር መለኪያው ወዲያው እዩት፤ ራሱን ካልሳተ ጣፋጭ ስጡት፣ ከሳተ ምንም አፉ ውስጥ ሳታደርጉ ሐኪም ቤት አድርሱት። ነፍሰ ጡር፣ ከ21 ዓመት በታች ያለ እና የሚያሽከረክር ሰው፣ ባጃጅም ቢሆን፣ ጨርሶ አይጠጣም።

አስም ያለበት ሰልፋይትን፣ ማለትም ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ኬሚካል፣ ይጠንቀቅ፤ በነጭ ወይን፣ በተለይ በጣፋጩ፣ ከቀዩ የመብዛት ጠባይ አለው። ጥርስ ለመቦረሽ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፤ አሲዱ ያለሰለሰውን የጥርስ ሽፋን ብሩሽ ይፍቀዋል።

ጠርሙስ የሚጨረሰው ብዙ ጊዜ «ይበላሻል» ተብሎ ነው። ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ካስገባችሁት 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። ከኮመጠጠ ለዓሣ ሾርባ ይሆናል፤ ግን ለአጭር ጊዜ ብቻ ከፈላ አልኮሉ በሙሉ ስለማይተን ለልጆች የሚሆነውን አስቀድማችሁ ለብቻው ቅዱ።