ድሬዳዋ ላይ ፋይበር ሲዘረጋና ሲጠበቅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከዚራ ወይም ሳቢያን ባንክ ገብታችሁ «ሲስተም የለም» ስትባሉ መጀመሪያ የሚወቀሰው ኮምፒውተሩ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው መንገድ ዳር፣ አፈር ውስጥ ነው። ኤክስካቫተር ኬብሉን በጥሶታል፤ ወይም ጎርፍ ኬብሉ ያለበትን ቱቦ ይዞት ሄዷል።

ፋይበሩ፣ መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፈው የመስታወት ክር፣ ራሱ ጠንካራ ነገር ነው። ውፍረቱ ከፀጉር ብዙም አይበልጥም፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት መሃሉ ደግሞ 9 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ በደንብ የተቀበረ ኬብል 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። የሚያስቸግረው የምንቀብርበት፣ የምንቀጥልበትና የምንመዘግብበት መንገድ ነው። ይህን የምጽፈው ሥራውን ድሬ ላይ ለሚጀምሩ ወጣት ቴክኒሻኖችና ለሚያሠሯቸው ኃላፊዎች ነው። ከባዱን አስቀድማለሁ።

መጠባበቂያውን ከዋናው ጋር አንድ ቦይ ውስጥ መቅበር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ዋናና መጠባበቂያ። መሬት ላይ ግን ሁለቱም ጎን ለጎን አንድ ቦይ ውስጥ ተኝተዋል። ወይም ለየብቻቸው መጥተው ደቻቱ ወንዝ ጋ ሲደርሱ አንድ ድልድይ ላይ ይገናኛሉ። ያኔ አንድ አደጋ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል።

ደቻቱን የድሬ ሰው ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ ግን ደጋው ላይ ይዘንብና ውሃው ከተማ ውስጥ በድንገት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ቤት ጠርጎ የሄደ ውሃ፣ ድልድይ ጎን ላይ በብረት የታሰረን ቱቦ አይምርም። «አሸዋው ሥር ቀብረነዋል» ብሎ መተማመንም አያዋጣም። ጎርፍ የወንዙን ወለል ራሱን እየቆፈረ ነው የሚሄደው። ትናንት በጥልቀት የተቀበረ ቱቦ ውሃው ሲጎድል ተንጠልጥሎ ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች ወንዙን በተለያየ ቦታ ይሻገሩ። ወደ ቴሌኮም ጣቢያው የሚገቡትም በተለያየ በኩል ይሁን። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከተማውን ሙሉ ተለያይተው መጥተው፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ማንሆል (ከመሬት በታች ባለ የኬብል ጉድጓድ) ወደ ሕንፃው የሚገቡ ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው።

«መጠባበቂያው በጣም ይዞራል» የሚል ክርክር ይነሳል። ይዙር። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። መስመሩ 500 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ቢዞር በአንድ አቅጣጫ የሚጨምረው 2.5 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ገንዘብ የሚልክ ሰው ይህን ጭራሽ አያውቀውም። መስመሩ ሲቋረጥ ግን ያውቃል።

ለድሬ ይህ ከሌላ ከተማ የበለጠ ያስጨንቃል። ኢትዮጵያ የባህር በር ስለሌላት ከባህር ሥር ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገር በኩል ነው። ጅቡቲ ደግሞ ዋነኛዋ በር ናት። በዚህ አቅጣጫ የሚበጠስ መስመር የሚጎዳው መጋላ ያለውን ነጋዴ ብቻ አይደለም።

ካርታውን «በኋላ እንሠራዋለን» ማለት

ኬብሉ ተቀብሯል፣ ብርሃን አልፏል፣ ርክክብ ተፈርሟል። የት እንደተቀበረ የሚያሳየው ካርታ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ይቀጠራል። ከዚያ ፎርማኑ ሌላ ከተማ ሥራ ያገኛል። መስመሩ ያለበትን የሚያውቀው የእሱ ጭንቅላት ብቻ ይሆናል።

ዲዛይኑ ላይ የተሳለው መስመርና መሬት ላይ ያለው አንድ አይደሉም። አጥር ያጋጥማል፣ የውሃ ቱቦ ያጋጥማል፣ ቦዩ ይዞራል። ስለዚህ የሚፈለገው በትክክል የተሠራውን የሚያሳይ ካርታ ነው። በየመታጠፊያው፣ በየማንሆሉና በየክሎዠሩ (ኬብል የሚቀጠልበት ዝግ ሳጥን) የጂፒኤስ ነጥብ ይያዝ። ጥልቀቱ ይጻፍ። ከአስፋልቱ ጠርዝ ያለው ርቀት ይጻፍ።

ትርፍ ጥቅሉም ይጻፍ። ለጥገና ተብሎ በየማንሆሉ 10 ወይም 20 ሜትር ኬብል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ኦቲዲአር (ብርሃን ልኮ የተበጠሰበትን ርቀት የሚናገር መሣሪያ) ደግሞ የሚለካው የመስታወቱን ርዝመት እንጂ የመንገዱን አይደለም። ፋይበሮቹ ኬብሉ ውስጥ ጠመዝመዝ ብለው ስለሚተኙ እነሱም ከኬብሉ ትንሽ ይረዝማሉ። መሣሪያው 14.2 ኪሎ ሜትር ላይ ተበጥሷል ሲል፣ በመንገዱ ላይ 14 ጥቅሎች ካሉና እያንዳንዱ 20 ሜትር ከሆነ፣ 280 ሜትር ትቀንሳላችሁ። ይህን የማያውቅ ቡድን ወደ ሐረር በሚወስደው ደንገጎ ዳገት ላይ ሌሊት በባትሪ መብራት የተሳሳተ ቦታ ሲቆፍር ያድራል።

ካርታው ለራሳችን ብቻም አይደለም። ኮሪደር ልማት ይቆፍራል፣ ውሃ ይቆፍራል፣ መብራት ይቆፍራል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ድሬ ነው። ኦፕሬተር በበዛ ቁጥር መንገድ ዳሩ ይጣበባል። እንደኔ ቆፋሪ ሁሉ ከመቆፈሩ በፊት የሌሎቹን ካርታ የማየት ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። ባለ ኬብሉም ካርታውን እንደ ምስጢር መደበቁን ይተው። ያላሳያችሁትን መስመር ቆረጠብኝ ብላችሁ ማንን ትከሳላችሁ?

አለት ሲያጋጥም ጥልቀት መቀነስ

ከድሬ ወደ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ መንገዱ ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያን አልፎ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ያደርሳችኋል። በእንዲህ ዓይነቱ ዳገት አለት ይበዛል። ውሉ ላይ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ጥልቀት ይጻፋል። አለቱ ሲመጣ ቁፋሮው 40 ሳንቲ ላይ ይቆማል። አፈር ይመለስበታል፣ ከላይ ምንም አይታይም። ከሁለት ክረምት በኋላ ግሬደር የመንገዱን ቦይ ሲጠርግ ኬብሉን ያገኘዋል።

አለቱ በእውነት እምቢ ካለ መፍትሔ አለ። ቱቦው በብረት ቧንቧ ይሸፈናል ወይም ኮንክሪት ይሞላበታል። ከቱቦው በላይ 30 ሳንቲ ያህል ከፍ ብሎ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ይዘረጋል። የወጣው ስለታም ድንጋይ በቀጥታ ቱቦው ላይ አይመለስም፤ መጀመሪያ አሸዋ ወይም የተነፋ አፈር ይለብሳል። ተቆጣጣሪው ቦዩ ሳይዘጋ ይለካል፣ ሜትሩ የሚታይበት ፎቶ ያነሳል።

ጥፋቱ ግን የቆፋሪው ብቻ ነው ብዬ አላምንም። አለቱንም ለስላሳውንም አፈር በአንድ የሜትር ዋጋ የሚከፍል ውል ራሱ ጥልቀት ያሰርቃል። ለአለት የተለየ ዋጋ ይቀመጥ።

ሐረር ጁገል ውስጥ ጉዳዩ ሌላ ነው። በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ከተማ ነው። ጠባቡ መንገድ ላይ ማሽን ማስገባትም፣ የጥንት ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታትም አይገባም። እዚያ በእጅ፣ በቅርስ ባለሙያ ምክር፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚሠራው።

ሒሳቡን ሳይሠሩ ስፕሊተር መጨመር

ቤት ለቤት የሚዘረጋው የፋይበር ሥርዓት፣ ጂፖን፣ ብዙ ጊዜ የሚፈቅደው የብርሃን ብክነት 28 ዲሲቤል (የብክነቱ መለኪያ) ነው። ይህን በጀት በሉት። ብርሃኑን ለ64 ቤት የሚያካፍል ስፕሊተር ብቻውን 21 ዲሲቤል ገደማ ይበላል። 10 ኪሎ ሜትር ፋይበር በ1310 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ 3.5 ያህል ይወስዳል። አራት ኮኔክተር (መሰኪያ) 2፣ ስድስት ስፕላይስ (የፋይበር ቅጥያ) 0.6። ድምሩ 27.1 ነው። የቀረው 0.9 ብቻ ነው።

ይህ መስመር በመጀመሪያው ቀን ይሠራል፤ ደንበኛውም ደስ ይለዋል። ችግሩ የሚመጣው በጥገና ነው። የተበጠሰ ኬብል መሃሉ ላይ ቁራጭ ስለሚገባበት እያንዳንዱ ጥገና ሁለት አዲስ ስፕላይስ ይጨምራል። ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ መታጠፍ ይታከልና ሞደሙ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። በ32 ቢካፈል ስፕሊተሩ የሚወስደው 17.5 አካባቢ ነበር፤ ከ4 ዲሲቤል በላይ ይተርፍ ነበር። ቢያንስ 3 ሳይተርፍ መስመር አትረከቡ።

ኬብልን ማጠፍ

ፋይበር ሲታጠፍ ብርሃኑ በጎን ያመልጣል። በተለይ ረዘም ያለው ሞገድ፣ 1550 ናኖሜትር፣ መታጠፍን አይችልም። ይህ ለምርመራ ይጠቅማል፤ መስመሩ በ1310 ደህና ሆኖ በ1550 የሚከስር ከሆነ አንድ ቦታ ታጥፏል ማለት ነው። ካቢኔቱ ውስጥ በፕላስቲክ ማሰሪያ አንቆ የታሰረውን ፓች ኮርድ (አጭር ማገናኛ ኬብል) መጀመሪያ እዩ። ዋናውን ኬብል ስትጎትቱ ደግሞ የመታጠፊያው ራዲየስ ከኬብሉ ውፍረት 20 እጥፍ እንዳያንስ።

አቧራን መናቅ

የድሬ አቧራ የትም ይገባል። 9 ማይክሮሜትር በሆነው የፋይበሩ መሃል ፊት የተቀመጠ ብናኝ በዓይን አይታይም፤ ብርሃኑን ግን ይጋርዳል። ሁለት ኮኔክተር ሲጣበቅ ደግሞ መስታወቱን ይጭረዋል። በማጉያ እዩ፣ አጽዱ፣ እንደገና እዩ፣ ከዚያ አገናኙ። በቲሸርት መጥረግ ይቅር። አረንጓዴውን ኮኔክተር ከሰማያዊው ጋር አታገናኙ፤ የአረንጓዴው ጫፍ 8 ዲግሪ ያጋደለ፣ የሰማያዊው ቀጥ ያለ ነው፣ አይገጥሙም።

ስፕላይስም በንፋስ ላይ አይሠራም። ድንኳን ወይም የተዘጋ መኪና ይፈለጋል፤ በማለዳ ቢሆን ይመረጣል። የቆረጣችሁትን የመስታወት ስባሪ በዕቃ ሰብስቡ፤ ጣት ውስጥ ከገባ ለማግኘት ያስቸግራል።

ባትሪውን ፀሐይ ላይ መርሳት

ኬብሉ ሰላም ሆኖ መስመር የሚጠፋበት ዋናው ምክንያት ኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ ካቢኔቱን የሚያቆየው ባትሪ ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜ የሚነገረው በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሳቢያን ፀሐይ ላይ የቆመ የቆርቆሮ ካቢኔት ውስጥ ያለውን ሙቀት ገምቱት። ጥላ ይሠራለት፣ ማራገቢያው ይጽዳ፣ ባትሪው በየጊዜው ጭነት ተደርጎበት ይፈተሽ። ቮልቴጁን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ማለት አይበቃም፤ ያረጀ ባትሪም ሥራ ሳይኖረው ቮልቴጁ ደህና ሊመስል ይችላል።

ጥገናን ያለ ሥርዓት መሥራት

ሌሊት መስመር ሲበጠስ ቡድኑ የሚፈልገው ኬብል መጋዘን ውስጥ መኖር አለበት፤ የፋይበሩ ዓይነትና ብዛት ተመሳሳይ የሆነ። ቢያንስ አንድ ክሎዠርም አብሮ ይኑር። ቦታው ላይ ሲደረስ በቀለም ቅደም ተከተል ከመቀጠል በፊት የትኞቹ ፋይበሮች ዋናውን ትራፊክ እንደሚሸከሙ ይጠየቅ፤ እነሱ ቀድመው ይቀጠሉ። የተበጠሰውን ጫፍ በዓይን ወደ ውስጥ ማየት ክልክል ነው። ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፤ ይጎዳል ግን። ብርሃን መኖሩ የሚታወቀው በፓወር ሜትር ነው።

ከተቀጠለ በኋላ በሁለቱም አቅጣጫ በኦቲዲአር ይለካና አማካዩ ይያዝ፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተለካ ስፕላይስ ሊያታልል ይችላል። ክሎዠሩ ውሃ የማያስገባ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ክረምት ላይ ማንሆል ውሃ ይሞላል። ቡድኑ ቦታውን ከመልቀቁ በፊት የአዲሱ ክሎዠር ጂፒኤስ፣ የተጨመረው ቁራጭ ርዝመትና ከጥቅሉ የተወሰደው ኬብል ካርታው ላይ ይግባ።