የትሪያል ብስክሌት ዕቃ ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትሪያል እግር መሬት ሳይነካ በድንጋይ፣ በግንድና በኮንክሪት ግንብ ላይ በብስክሌት እየዘለሉ የሚያልፉበት ስፖርት ነው። ከሞተር ሳይክል ትሪያል ተወልዶ በስፔኗ ካታሎኒያ ያደገ ሲሆን፣ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪው ፔሬ ፒ እና የልጁ የኦት ፒ ስም ከአጀማመሩ ጋር ተያይዞ ይነሳል፤ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የዓለም ሻምፒዮና ይካሄድበታል። ብስክሌቱ መቀመጫ የለውም። ጋላቢው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ቆሞ፣ የኋላ ፍሬኑን ጨምድዶ፣ በአንድ ጎማ ሚዛኑን እየጠበቀ ነው። በመንገድ ብስክሌት ላይ ጥሩ የሆነ ምክር እዚህ ብዙ ጊዜ የማይሠራው ስለዚህ ነው፤ ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹም ከዚያ ከተወረሰ አስተሳሰብ የሚመጡ ናቸው።

በብዛት የሚሠራው ስህተት ክብደት ከመቀነስ መጀመር ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ። ያገለገለ ባለ 26 ኢንች ብስክሌት በገዛሁ በሁለተኛው ወር ያጠራቀምኩትን ገንዘብ በሙሉ ለካርቦን የፊት ሹካ አዋልኩት፤ ከቀድሞው በ300 ግራም ያህል ይቀል ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወገብ የሚደርስ ግንብ ላይ ዘልዬ የኋላ ጎማዬን ከጠርዙ አሳረፍኩ፤ የፍሬኑን እጀታ በአንድ ጣቴ እስከ መጨረሻው ስቤ ሳለ ጎማው በፍሬኑ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ተሰማኝ። የተንሸራተተው አንድ ጋት ያህል ብቻ ነበር፤ እሱም በጀርባዬ ለመውደቅ በቃኝ። እኔ 70 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 11 ኪሎ በነበርንበት ጊዜ የቀነስኩት 300 ግራም ከጠቅላላው ክብደት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ያላስተካከልኩት ፍሬን ግን መላ ሰውነቴን ተሸክሞ የሚቆም ዕቃ ነበር። የውድድር ብስክሌቶች ከ8 እስከ 9 ኪሎ መመዘናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን እዚያ የሚደረሰው የቀረው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው። የታይታኒየም ብሎኖችም እንዲሁ ይቆዩ።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህኛው ይሰወራል፤ ፍሬን አልይዝ ሲል ችግሩ የት እንዳለ ሳይመረምሩ አዲስ ፍሬን መግዛት ነው። በትሪያል የኋላ ጎማ ላይ በብዛት የሚገኘው ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚጨምቅ የሃይድሮሊክ ፍሬን ሲሆን፣ የጀርመኑ ማጉራ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ዓይነት ፍሬን ሲሠራ ቆይቷል። ይህ ፍሬን እስካሁን ያልተተወው በልማድ ብቻ አይደለም። የባለ 26 ኢንች ቸርኬ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 559 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተለመደ የዲስክ ፍሬን ዲስክ ግን 160 ሚሊ ሜትር ነው። ከመሃል ርቆ የተያዘ ጎማ በትንሽ ጉልበት ጸጥ ብሎ ይቆማልና፣ ጥሩ የተያዘ የቸርኬ ፍሬን ካለዎት ወደ ዲስክ ለመቀየር አይቸኩሉ።

ምርመራው ቀላል ነው። ብስክሌቱን መሬት ላይ አቁመው እጀታውን በአንድ ጣት ይሳቡና ብስክሌቱን ወደፊትና ወደ ኋላ በኃይል ይግፉት። እጀታው ልስልስ ብሎ እስከ መሪው ከመጣ ቱቦው ውስጥ አየር አለ፤ አየሩን ማስወጣትና ዘይት መሙላት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፦ ማጉራ የሚጠቀመው የማዕድን ዘይት ነው፤ የመኪና ፍሬን ዘይት ከተጨመረበት የውስጡን ጎማዎች ስለሚያበላሽ ፍሬኑ ራሱ ይጠፋል። እጀታው ጠንካራ ሆኖ ጎማው ከተንሸራተተ ችግሩ የፍሬን ጎማውና የቸርኬው ገጽ ነው። እጀታው ሲሳብ የፍሬሙ ሁለት ክንዶች ወደ ውጭ ሲለጠጡ ካዩ ደግሞ የሚያስፈልገው ክንዶቹን የሚያስተሳስረው የቅስት ብረት ነው፤ ዋጋውም ከአዲስ ፍሬን በብዙ ያነሰ ነው።

የቸርኬውን ገጽ በተመለከተ የትሪያል ጋላቢዎች የሚሠሩትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ይደነግጣል። ግራይንደር ይዘው ፍሬኑ የሚያርፍበትን የቸርኬ ጎን በቀጫጭን መስመሮች ይፍቁታል። የተፋቀ ቸርኬ የፍሬኑን ጎማ ነክሶ ይይዛል፤ ድምፁ ጆሮ ቢጎዳም፣ ጎማውንም ቶሎ ቢበላም፣ በዝናብ ቀን እንኳ አይከዳም። ለስላሳ ቸርኬ የሚመርጡ ጥቂት ሬንጅ ቀብተው ይጠቀማሉ፤ በደረቅ ቀን ግሩም ሆኖ ይይዛል፣ እርጥበት ሲነካው ግን እምነት የሚጣልበት አይደለም። የሚፍቅ ሰው መነጽር አድርጎ፣ እጁን አቅልሎ፣ ገጹን ብቻ እየነካ ይሥራ፤ የቸርኬ ግድግዳ ቀጭን ነው፣ በጥልቀት የተቆረጠም አይመለስም። እኔ ከወደቅሁ በኋላ ቸርኬዬን በአልኮል አጠብኩ፣ ፈቅኩት፣ የፍሬኑን ጎማዎች በአዲስ ተክቼ ሙሉ ገጻቸው እኩል እንዲነካ አስተካከልኳቸው። ፍሬኑ ያው የድሮው ፍሬን ነበር፤ ያወጣሁት ገንዘብ የሹካውን አንድ አሥረኛ አይሞላም፣ ብስክሌቱ ግን ሌላ ብስክሌት ሆነ።

ከፍሬን ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ኃይል ከእግር ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ክፍል ነው። እዚህ ላይ የሚታየው ስህተት በቁጥር መታለል ነው። በብዙ የትሪያል ብስክሌቶች ፍሪዊሉ፣ ማለትም ፔዳል ወደፊት ሲረገጥ የሚይዘው፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ግን በባዶ የሚሽከረከረው ክፍል፣ የሚታሰረው በክራንኩ (ፔዳሉን በያዘው ክንድ) ላይ እንጂ በኋላ ጎማ ላይ አይደለም፤ ፔዳል ሲረገጥ ፍሪዊሉ እስኪይዝ ድረስ በባዶ የሚሄድ ርቀት አለ። በአንድ ዙር 16 መያዣ ነጥብ (የሚይዝበት ቦታ) ባለው ርካሽ ፍሪዊል ይህ ርቀት እስከ 22.5 ዲግሪ ይደርሳል፤ በ170 ሚሊ ሜትር ክራንክ ሲሰላ እግር እስከ 67 ሚሊ ሜትር በአየር ላይ ይወርዳል ማለት ነው። በአንድ ጎማ ቆሞ ለመዝለል ለተዘጋጀ ሰው ይህ ርቀት ሚዛኑን ያጠፋዋል። 72 ነጥብ ባለው ፍሪዊል ርቀቱ ወደ 15 ሚሊ ሜትር፣ 108 ባለው ደግሞ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከ16 ወደ 72 መሻገር ዘለላዎን ይለውጠዋል፤ ከ72 ወደ 108 ለመሻገር ግን የሚከፈለው ለ5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለጀማሪም ሆነ ለመካከለኛ ጋላቢ አላስፈላጊ ወጪ ይመስለኛል። የነጥቡ ቁጥር ከፍ ብሎ የውስጡ ጥርስ ደካማ የሆነ ፍሪዊል በኃይል ሲረገጥ ይዘላልና፣ ጥንካሬው ከቁጥሩ ይቀድማል።

አዲስ ፍሪዊል ገዝቶ አሮጌውን ካቴና መተው ሌላው ጥፋት ነው። የተለጠጠ ካቴና አዲሶቹን ጥርሶች ቶሎ ይበላቸዋል፤ ከዚህ በላይ ግን አደጋ አለው። ካቴና የሚበጠሰው ትልቁ ኃይል ባረፈበት ሰዓት፣ ማለትም ጋላቢው ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው ሊዘል በተነሳበት ቅጽበት ነው፤ ያን ጊዜ እግር ባዶውን ይወርዳል፣ ደረትና አገጭ ከመሪው ጋር ይጋጫሉ። 24 ዘለበቶችን ከፒን መሃል እስከ ፒን መሃል በማስመሪያ ይለኩ፤ አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306 ካለፈ ይቀይሩት። ከልኬቱ ባሻገር የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ ዘለበት አንድ እንኳ ከተገኘ ዕድሜውን ሳይቆጥሩ ያስወግዱት።

ሳይለኩ ማዘዝ ብዙ ሰው ያስከፍላል። የባለ 20 ኢንች ትሪያል ብስክሌት የኋላ ፍሬም ክፍተት ብዙ ጊዜ 116 ሚሊ ሜትር ሲሆን የባለ 26ቱ 135 ነው፤ ለአንዱ የተሠራ የኋላ ጎማ ለሌላው አይገባም። የፔዳሉ ዘንግ የሚገባበት የፍሬሙ ቱቦም 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። በተለይ አዲስ አበባ ሆኖ ዕቃውን ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ለሚያስመጣ ሰው፣ ያልገባውን ዕቃ መልሶ መላክ የማይታሰብ ስለሆነ፣ ልኩን በፎቶግራፍ ጭምር አስቀድሞ መላክ ይገባል።

የጎማ ነፋስን ሳያስተካክሉ ጎማ መግዛትም ከንቱ ወጪ ነው። ነፋሱ የበዛ ጎማ ድንጋይ ላይ ይነጥራል፤ ያነሰው ደግሞ ቸርኬውን ከድንጋይ ጋር ያጋጫል። ጥቂት በጥቂት እየቀነሱ፣ ቸርኬው ጠርዝ መምታት ሲጀምር ትንሽ መልሰው እየጨመሩ የራስዎን ልክ ያግኙ። ይህ ምንም አያስከፍልም።

መሪውን፣ መሪው የሚታሰርበትን አንገትና ካቴናው የሚያርፍበትን ጥርስ ብዛት በአንድ ቅዳሜ በአንድ ላይ የቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመውና የትኛው እንደጎዳው ሊያውቅ አይችልም። አንዱን ቀይሮ ሁለት ሳምንት በለመደው ቦታ መለማመድ ይሻላል፤ የመሪው ከፍታ በአንድ ጣት ሲለወጥ የሰውነት አቋም በሙሉ ስለሚለወጥ ሰውነት ጊዜ ይፈልጋል። የቅልጥም መከላከያ የሌለው ሰው ደግሞ ስለ አዲስ ፔዳል አያስብ፤ የፔዳል ጥርስ ቅልጥምን ሲያገኝ የሚተወው ቁስል ቀላል አይደለም።

የመጨረሻው ስህተት ከሁሉ ያሳዝነኛል፤ አዲስ ዕቃ በተሰነጠቀ ፍሬም ላይ መግጠም ነው። የትሪያል ፍሬም ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ በድካም ይሰነጠቃል። ምንም ነገር ከማዘዝዎ በፊት ብስክሌቱን አጥበው፣ አድርቀው፣ በእጅ ባትሪ ሦስት ቦታ ይመልከቱ፦ የፊት ሹካ በሚገባበት ቱቦ ሥር ያለውን ብየዳ፣ የፔዳሉን ዘንግ ዙሪያ፣ የኋላ ፍሬን የሚታሰርባቸውን ቦታዎች። ፀጉር የሚያህል ጥቁር መስመር ካዩ በጨርቅ ይጥረጉት፤ ጥቂት ከጋለቡ በኋላ በዚያው ቦታ ተመልሶ ከታየ የቀለም ጭረት አይደለም። ያን ጊዜ ለዕቃ ያሰቡትን ገንዘብ ይያዙና፣ ያገለገለ ነገር ግን ፍሬሙ ጤነኛ የሆነ ሌላ ብስክሌት ይፈልጉ።